የኢሌላ ጉድጓዶች፦ ጠፍ መሬት እንዴት ወደ ማሳ እንደተመለሰ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ይህ የአንድ ወረዳ ታሪክ ነው። ወረዳው ኢሌላ ይባላል። የሚገኘው በምዕራብ አፍሪካ፣ በኒጀር፣ ታዋ በሚባለው ክልል ውስጥ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የኢሌላ ገበሬዎች ሣር እንኳ የማይበቅልበትን ጠፍ መሬት በዶማና በፍግ ብቻ ወደ እርሻ መለሱት። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ የሠሩት ሥራ ግን ሊታወቅ ይገባል።

ስለ ክረምት እርሻ ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ዝናቡ ላይ ነው። መጣ፣ ቀረ፣ ዘገየ፣ በዛ እንላለን። በኢሌላ ዝናቡ ያው ነበር። ገበሬዎቹ የለወጡት ዝናቡ የሚያርፍበትን መሬት ነው፤ ይህንንም ያደረጉት ጠብታ በማይወርድባቸው የበጋ ወራት ነው። እኔን የሳበኝ ይህ ነው። ዘዴው ከአገር ወደ አገር የተሻገረበት መንገድም በግብርና ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

አካባቢውና ኑሮው

ኢሌላ ሳህል ውስጥ ነው፤ ሳህል ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ የተዘረጋው ደረቅ ቀበቶ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሃውሳ ተናጋሪ ነው። የዝናቡ ወቅት በሃውሳ ዳሚና ይባላል። በሰኔ ይገባል፣ ነሐሴ ላይ ይበረታል፣ መስከረም ላይ ይወጣል። በዓመት የሚወርደው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀሪዎቹ ስምንትና ዘጠኝ ወራት ደረቅ ናቸው።

ገበሬው የሚዘራው በዋናነት ቡልቱግና ማሽላ ነው። በመሃሉ ካውፒ የሚባለውን የጥራጥሬ ዓይነት ይጨምራል። የቡልቱጉ ዱቄት ቱዎ የሚባለው ጠንከር ያለ ገንፎ ይሆናል፤ ወይም ተድቦልቡሎ ተቀቅሎ ከወተት ጋር ይበጠበጥና ፉራ ይሆናል። ከቤት ተርፎ ገበያ የሚወጣ እህል ጥቂት ነው። የተመረተው ይበላል፤ ካልተመረተ ቤተሰቡ ይራባል።

የዓመቱ ክፉ ጊዜ የዝናቡ ወቅት ራሱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ያልቃል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም። ሥራው ደግሞ የሚበረታው ያኔ ነው። አረም ካልታረመ ሰብሉ ይዋጣል። ሰው ሳይጠግብ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ያርማል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ብዙ ወንዶች ሥራ ፍለጋ ወደ ናይጄሪያና ወደ ባሕር ዳርቻዎቹ አገሮች ከተሞች ይወርዳሉ። በሰኔ ደመና ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ።

ችግሩ

በ1970ዎቹ መጀመሪያና በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳህልን የመታው ድርቅ ኢሌላንም አልማረም። ከዚያ በፊትም መሬቱ ተጎድቶ ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ እርሻው ወደ ተዳፋቱና ወደ ከፍታው ወጣ። መሬት ማሳረፍ ቀረ። ዛፉ ተቆረጠ። የቀረውን አፈር ነፋስና ጎርፍ ጠረጉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረውን ሃውሳዎቹ ፋኮ ይሉታል። ራቁቱን የቀረ፣ ጭንጫ የመሰለ፣ ላዩ ቅርፊት የያዘ መሬት ነው። ቅርፊቱ ቀጭን ቢሆንም ውሃ አያሳልፍም። የሳህል ዝናብ ደግሞ ቀስ ብሎ አይወርድም። ከነፋስ ጋር መጥቶ ባጭር ጊዜ ይዘረግፍና ያቆማል። ፋኮ ላይ የወደቀው ውሃ ወደ ታች አይሰርግም፤ ጎርፍ ሆኖ አፈሩንና የተዘራውን ዘር ይዞ ይሄዳል።

ሁኔታው ያንገበግባል። ውሃ በቸገረው አገር ከሚወርደው ውሃ ብዙው ሥር ሳይነካ ያልፋል። ዘሩ ቢበቅል እንኳ በሁለት ሳምንት የዝናብ ክፍተት ይደርቃል። ገበሬው እንደገና ይዘራል፣ እንደገና ይደርቅበታል። ለምግብ ያስቀመጠውን እህል ለዘር የሚያወጣበት ጊዜ አለ።

ቀድሞ የተሞከረውና የከሸፈው

ጉዳዩን በደንብ ለመረዳት ወደ ምዕራብ ተሻግረን ያቴንጋን ማየት አለብን። ያቴንጋ ዛሬ ቡርኪና ፋሶ በምንላት፣ ያኔ ላይኛው ቮልታ በምትባለው አገር ሰሜን ይገኛል። መሬቱም ዝናቡም ከኢሌላ ጋር ይመሳሰላል።

ከ1962 እስከ 1965 ድረስ እዚያ አንድ ግዙፍ የአፈር ጥበቃ ፕሮጀክት ተካሄደ። በከባድ ማሽን 120,000 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ የአፈር እርከን ተሠራ። እርከኑ የተሰመረው በመሐንዲስ ካርታ ነው። ገበሬውን ማንም አልጠየቀውም። ማሽኖቹ ሲወጡ እርከኑን የሚጠግን ሰው ጠፋ። ገበሬው የእኔ ነው አላለውም፣ ለምን እንደተሠራም አልተነገረውም። ጎርፉ በጥቂት ዓመታት አፈረሰው።

በ1980 አካባቢ ግን የያቴንጋ ገበሬዎች ራሳቸው አንድ የቆየ ዘዴ አነሱ። ዛይ ይባላል፤ በደረቅ መሬት ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ እዚያ ውስጥ መዝራት ነው። አያቶቻቸው በትንሹ ያውቁት ነበር። የእነዚህ ገበሬዎች አዲስ ሐሳብ ጉድጓዱን ማስፋትና ማጥለቅ፣ በውስጡም ፍግ መጨመር ነበር። በዋሂጉያ ከተማ ዙሪያ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ ይሠራ የነበረ ሌላ ፕሮጀክት የድንጋይ ካብን በቀላል መሣሪያ አስፋፋ። መሣሪያው ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበት ዓይነት ግልጽ ቱቦ ነው። ቱቦው ጫፍና ጫፉ በሁለት እንጨት ላይ ይታሰርና ውሃ ይሞላል። በሁለቱም በኩል ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ሲቆም የተዳፋቱ ትክክለኛ መስመር ተገኘ ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም በአንድ ሁለት ቀን ይለምደዋል።

የ13ቱ ገበሬዎች ጉዞ

በኢሌላ ከ1988 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ የሚደግፈው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ፕሮጀክት ነበር። ካብና የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው እርከን የመሳሰሉ ሥራዎች ላይ ያተኩር ነበር። በ1989 ፕሮጀክቱ 13 ገበሬዎችን ወደ ያቴንጋ ላከ።

ገበሬዎቹ ያዩት እንደ እነሱ ገበሬ የሆነ ሰው፣ እንደ እነሱ ዓይነት ፋኮ ላይ፣ እነሱ ቤት ባለው ዶማ ያበቀለውን ማሽላ ነው። ትራክተር የለም፣ ሲሚንቶ የለም። ከተጓዦቹ አንዳንዶቹ ነገሩ በአገራቸው የነበረና የተረሳ መሆኑን አስታወሱ። በኢሌላ ታሳ ይባል ነበር።

ሲመለሱ ስብሰባ ተጠርቶ እስኪወሰን አልጠበቁም። ጥቂቶቹ በዚያው ዓመት 4 ሄክታር ያህል ቆፈሩ። ከተቆፈሩት ማሳዎች አንዱ ዋናው መንገድ ዳር ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ለዘዴው መስፋፋት ከማንኛውም ሥልጠና ይልቅ የጠቀመው እሱ ነው። ገበያ የሚሄድ ሁሉ፣ በአህያም በእግርም በመኪናም፣ ማሳውን እያየ ያልፋል። ግራና ቀኙ ባዶ ቅርፊት፣ መሃሉ አረንጓዴ ነው።

ጉድጓዱ ምን ያደርጋል

አንዷን ጉድጓድ ቀረብ ብለን እንያት። ስፋቷ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቷ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ጎልማሳ እጁን ከእጅ አንጓው ጥቂት አሳልፎ ቢከት መጨረሻው ላይ ይደርሳል። በእያንዳንዷ መካከል ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይተዋል። በሄክታር 10,000 እና ከዚያም በላይ ይሆናሉ። የወጣው አፈር በቁልቁለቱ በኩል በግማሽ ክብ ይከመራል፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ እዚያ ይያዛል።

ቁፋሮው የበጋ ሥራ ነው። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ይጀመርና እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ክፍት የተተወችው ጉድጓድ ነፋስ የሚያመጣውን ቅጠልና ደቃቅ አፈር መሰብሰብ ትጀምራለች። ከዚያ አንድ ሁለት እፍኝ ፍግ ይገባባታል።

ፍጉ ምስጥ ይስባል። ብዙ ገበሬ ምስጥን የሚያውቀው በጠላትነት ነው፤ እዚህ ግን ሠራተኛ ነው። ደረቁን ፍግና ቅጠል እየበላ ከጉድጓዷ ወለል ወደ ታች ቀጫጭን ዋሻዎች ይሠራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቅርፊቱ ላይ የሚንሸራተተው ውሃ ወደ ጉድጓዷ ይገባና በእነዚያ ዋሻዎች ይሰርጋል። ቅርፊቱ ራሱ ሳይቀር ጥቅም ያገኛል። ውሃ ስለማያሳልፍ በጉድጓዶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የወደቀበትን ሁሉ ወደ ጉድጓዶቹ ያደርሳል። ስለዚህ አንዷ ጉድጓድ የምታገኘው ውሃ በራሷ ላይ ከሚወድቀው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ዘሩ የሚገባው እዚያው ውስጥ ነው። አንዳንዱ ገበሬ ዝናቡን ሳይጠብቅ በደረቁ ይዘራል። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ለሁለት ሳምንት ቢጠፋ በሜዳው ላይ ያለው ቡቃያ ይጠወልጋል፤ በጉድጓዷ ውስጥ ያለው ሥሩ እርጥበት ላይ ስለሆነ ይቆያል። ፍጉም ለዚያች ቡቃያ ብቻ ይውላል፤ በሜዳ ተበትኖ አይባክንም። የማሽላን ሥር የሚመጥጠው አቀንጭራ የሚባለው አረምም እንደሚቀንስ ገበሬዎቹ ይናገራሉ። ከብት የበላው የዛፍና የቁጥቋጦ ፍሬም ከፍጉ ጋር ስለሚመጣ ከማሽላው ጎን ችግኝ ይበቅላል። ያልነቀለው ገበሬ ከዓመታት በኋላ ዛፍ አለው።

የ1990 ዳሚና

በ1990 ታሳ የተቆፈረበት መሬት 70 ሄክታር ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከዳ። ደህና ምርት የተገኘው በአብዛኛው ጉድጓድ ከተቆፈረባቸው ማሳዎች ነበር።

ክፉ ዓመት ባይሆን ኖሮ ሰዉ እስከዚህ አያምንም ነበር ብዬ አስባለሁ። ጥሩ ዝናብ ሲኖር ሁሉም ማሳ ያበቅላል፣ ልዩነቱ አይጎላም። በድርቅ ዓመት ግን ጎረቤትህ ጎተራ ውስጥ እህል ሲገባ ያንተ ባዶ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም። በ1991 ስፋቱ ወደ 450 ሄክታር ዘለለ። በ1992 ሌላ 1,000 ሄክታር ያህል ተጨመረ። በ1995 በጠቅላላው 3,800 ሄክታር ገደማ ደረሰ። በሄክታር 10,000 ብለን ብናሰላው እንኳ 38 ሚሊዮን ጉድጓድ ማለት ነው፤ ሁሉም በሰው ክንድ የተቆፈረ።

ምርቱም በተለያዩ ዓመታት ተለክቷል። ታሳ ያልተቆፈረበት መሬት በአማካይ በሄክታር 125 ኪሎ ይሰጥ ነበር፤ አንድ ኩንታል ከሩብ መሆኑ ነው። ታሳ ከፍግ ጋር ሲሆን 393 ኪሎ ሰጠ። ማዳበሪያ ሲጨመርበት 659 ኪሎ ደረሰ። እነዚህ ቁጥሮች ለደጋ ገበሬ ትንሽ ይመስሉ ይሆናል። ምንም አይሰጥም ተብሎ ለተተወ መሬት ግን ከአንድ ኩንታል ከሩብ ወደ አራት ኩንታል የሚጠጋ ምርት መድረስ ማለት የሐምሌን ረሃብ ማሳጠር ነው።

ሌላም ለውጥ መጣ። ጉድጓድ ቁፋሮ የቀን ሥራ ሆነ። ወጣቶች እየተከፈላቸው ለሌላው ይቆፍሩ ጀመር። በበጋ አገር ጥሎ ከመሄድ ሌላ አማራጭ ያገኘ ሰው ነበር። ውሃው ወደ መሬት መስረግ ሲጀምርም በአንዳንድ መንደሮች በመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ ጨመረ፤ በዙሪያቸው አትክልት ማልማት ተቻለ።

የከበደውና ያልሠራው

መጀመሪያ ጉልበቱ። ግንቦት በኒጀር የሚያቃጥል ወር ነው። በዚያ ፀሐይ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት መቆፈር ቀላል አይደለም። ለአንድ ሰው አንድ ሄክታር የብዙ ሳምንት ሥራ ነው። ሁለተኛ ሰው የሌላት እናት ወይም አቅም ያነሰው አዛውንት ብቻቸውን አይችሉትም፤ ለመቅጠር ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ፍጉ። ለአንድ ሄክታር ሦስት ቶን አካባቢ ይፈልጋል። ከብትም ፍየልም የሌለው ቤተሰብ ይህን ከየት ያመጣል? ፍግ ያልገባበት ጉድጓድ ውሃ ይይዛል፤ አፈሩ ግን የተራበ ስለሆነ ምርቱ አይረባም። ዘዴው ይበልጥ የጠቀመው ትንሽም ቢሆን ከብት ያለውን ነው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለድሃው ገበሬ ታማኝ አለመሆን ነው።

በአሸዋማ መሬት ላይ ጉድጓዱ አይቆምም፤ አሸዋው ተመልሶ ይሞላዋል። በሸለቆ ወለል ላይ ደግሞ ውሃ ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል። ዝናቡ ከ300 ሚሊ ሜትር በጣም ሲያንስ ጉድጓዱ የሚሰበስበው ነገር የለም፤ ወደ 800 ሲጠጋ ደግሞ ውሃው ይበዛበታል። ከላይ በኩል ካብ የሌለው ገደላማ ማሳ በአንድ ኃይለኛ ጎርፍ ጉድጓዶቹ በደለል ይሞላሉ። የተቆፈረውም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እድሳት ይፈልጋል።

ግማሽ ጨረቃዎቹ አልከሸፉም፤ ለዛፍና ለግጦሽ መሬት ጥሩ ናቸው። ሆኖም ዲያሜትራቸው አራት ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ብዙ አፈር ማንሳት ይጠይቃል። ካብም ድንጋይ ማጓጓዝና የብዙ ሰው እጅ ይፈልጋል። ታሳ የበለጠው ስለዚህ ነው። አንድ ሰው ማለዳ ተነስቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ሃያ ጉድጓድ ቆፍሮ ሊመለስ ይችላል። ነገ ባይችል የዛሬው አይጠፋበትም።

በጣም ያሳሰበኝ የመሬቱ ጉዳይ ነው። ፋኮ ማንም የማይፈልገው መሬት ነበር። ታሳ ሲመጣ መሸጥና መለወጥ ጀመረ፤ ዋጋውም ወጣ። ገንዘብ ያለው ገበሬ ወይም ነጋዴ ከተቸገረው ገዛ። በረሃብ ዓመት ጠፍ መሬቱን በጥቂት ገንዘብ የሸጠ ሰው በኋላ ሌላው ሲያጭድበት አየ።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው የተጓዡን ጉዳይ ነው። ወደ ያቴንጋ የሄዱት የሚቆፍሩት ሰዎች ናቸው። በእኛም አገር የልምድ ልውውጥ ጉዞ ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ መኪናው ላይ የሚሳፈሩት ግን ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ናቸው፣ ገበሬ ከተገኘም ሁለት ሦስት ሰው ነው። ኃላፊው ያየውን በሪፖርት ይጽፋል። ገበሬው ያየውን በማሳው ላይ ይሞክራል፣ ልክ ካልሆነ ያስተካክለዋል። ከመኪናው መቀመጫ ቢያንስ ግማሹ ለገበሬዎች ይሁን እላለሁ፤ በተለይም ለሴት ገበሬዎች።

ሁለተኛ፣ ቦታ ሲመረጥ መሬቱን ከዘዴው ጋር ማዛመድ ያስፈልጋል። ታሳ የተሠራው ቅርፊት ለያዘ፣ ዝናብ ለሚያንሰው፣ ቀለል ያለ ተዳፋት ላለው መሬት ነው። ሌላ ቦታ ሲሄድ ቅርጹ መለወጥ አለበት። በኢትዮጵያ ደጋ የተደረገ ሙከራ ይህን ያሳያል። እዚያ ጉድጓዱ ሰፋ ተደርጎ ድንችና ቦሎቄ ተዘራበት፤ በተዳፋቱ ላይ ውሃና አፈር ይዞ ምርቱን በብዙ እጥፍ ጨመረ። የምዕራብ አፍሪካውን መለኪያ እንዳለ ቢገለብጡት ኖሮ ይህ ውጤት መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣም ከዚህ የሚወሰድ ነገር አለ። ብዙ እርከን በጋራ መሬት ላይ ይሠራል፣ በቀጣዩ ክረምት የሚጠግነው ይጠፋል። ከዘመቻው ቀን ጥቂቱ እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ማሳ ላይ ለሚመርጠው ሥራ ቢተው ተጠቃሚው ቶሎ ይታያል፤ የሚጠግነውም ይኖራል።

መሞከር የሚፈልግ ሰው ከትንሽ ይጀምር። ከማሳው የከፋውን ጥግ ይምረጥ፣ ያለውን ፍግ ይመዝንና የሚበቃውን ያህል ጉድጓድ ብቻ ይቆፍር። ጎኑ ላይ እኩል ስፋት ያለው ቦታ ሳይቆፈር ይተው። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ዘር ይዝራ። ሲያጭድ ለየብቻ ይመዝን፤ ሲመዝንም ጎረቤቶቹን ይጥራ። ማሳው መንገድ ዳር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

መሬቱ የጋራ ወይም የኮንትራት ከሆነ፣ ዶማ ከመነሳቱ በፊት ለስንት ዓመት በማን እጅ እንደሚቆይ በምስክር ፊት ይነጋገሩ። በኢሌላ የጠፍ መሬት ዋጋ የታወቀው ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ነው፤ ለቀድሞ ሻጮች ያኔ ረፍዶ ነበር።